በገዛ ቤቴ አራስ ጠያቂ

በሐራጅ የሚሸጥ ቤት እንደ ዱሮ ሙሽራ ነው፤ ተሸፋፍኖ ነው የሚሰጥሽ። ማስታወቂያው ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በግቢው ውስጥ አንድ የሣር ማድ ቤት ይላል። ውስጡን ልይ ብትዪ ማን ያሳይሻል? ውስጡ ሰው አለ። ቤቱ የሚሸጥበት ሰው ለገዥ በሩን ከፍቶ «ግቡ፣ ይኸ መኝታዬ ነው፣ ይኸ ጓዳዬ ነው» አይልም። እኔም የመተማውን ቤት ከመግዛቴ በፊት በአጥሩ ዙሪያ ስመላለስ ሰነበትሁ እንጂ ደጃፉን አልረገጥሁም።

ያን ጊዜ ቤት የፈለግሁት ለወግ አልነበረም። ትውልዴ ወገራ ነው። ወደ ቆላ የወረድሁት ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ጋር ነው፤ እነሱ ሊያጭዱ፣ እኔ ላበስልላቸው። አጨዳው ሲያልቅ እነሱ ወደ ደጋቸው ተመለሱ። እኔ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ መተማ ቀረሁ። ከቀበሌ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ከፊቷ ራኩባ አስጣልሁ። ራኩባ ማለት በእንጨት ላይ የሚጣል የሣር ጥላ ነው፤ ቃሉም ጥላውም ከሱዳን የመጣ ነው። በዚያ ጥላ ሥር ለሾፌርና ለረዳት፣ ለኬላም ሰው ምግብ ስሸጥ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ቀበሌው ክፍሏ ለመሠረተ ትምህርት ትፈለጋለች፣ ክረምቱ ሳይገባ ልቀቂ አለኝ። እኔ ፊደል የለየሁት ማንም ሳያስተምረኝ በዱቄት ከረጢትና በግድግዳ መፈክር ነው። «እኔ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ለእኔ አትጨነቁ» ብላቸው ሳቁልኝ እንጂ ክፍሏን አልተዉልኝም።

መተማን የሚያውቅ የክረምቱን ነገር ያውቃል። ሰኔ ከገባ መሬቱ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። መኪናው ወደኛ ሳይደርስ ሸሕዲ ከተማ ላይ ይቀራል፣ ቢምቢው ይነሣል፣ መጠጊያ የሌለው ሰው መስከረምን በወባ ተኝቶ ይቀበለዋል፤ ከተቀበለው። የኔ ጭንቀት ይኸ ነበር፤ ዝናቡ ሳይቀድመኝ የራሴ የሆነ፣ ማንም ልቀቂ የማይለኝ በር ማግኘት።

ማስታወቂያው በአስተዳደሩ ፊት ካለው የኒም ዛፍ ላይ ተለጥፏል። ቀስ እያልሁ፣ እየነጠልሁ ሳነብ አንድ የጭነት መኪና ረዳት አጠገቤ ቆመ።

«ምን ይላል እትዬ?»

«ቤት ይሸጣል ይላል።»

«የትኛው? ያ የትራክተሩ ቤት? ተይው። ሰው አለበት'ኮ።»

የትራክተሩ ቤት የሚሉት ባለቤቱ በጃንሆይ ጊዜ ቤቱን ለባንክ አስይዘው ለሰሊጥ እርሻ ትራክተር ስለ ገዙ ነው። አብዮቱ መጣ። ትራክተሩ ተወረሰ፤ ዕዳውን ግን የሚወርሰው ጠፋ። ሰውዬው በዚያው ሞቱ። ሚስትየዋ እቤቱ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ወረቀቱ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ ዛፉ ላይ ወጣ።

እኔን የመሰለች ወጥ ቤት እንዲያ ያለውን ቤት ልትገዛ የቻለችበትን ነገር ለዛሬ ልጆች ስነግር አያምኑኝም። በዚያ ዘመን ለአንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ ክልክል ነው። የመተማ ነጋዴዎች ሁሉ አንድ አንድ አላቸው፤ ሁለተኛ ልጫረት ያለ ራሱን ማስወረስ ነው። ቤት የሌለው ደግሞ ገንዘብም የለውም። ቤት ሳይኖረው ገንዘብ ያለው ሰው ቢገኝ እንኳ የአገሩ ሰው ሆኖ ባልቴት ያለችበትን ቤት መግዛት ይፈራል። «የሰው ዕንባ ያረፈበት ጣሪያ ቆርቆሮም ቢሆን ያፈሳል» ይላሉ። እኔ መጤ ነኝ፤ ከራኩባው ያጠራቀምሁት ጥሪትም ነበረኝ። ዕንባውን አላየሁም፤ ቆርቆሮውን ነው ያየሁት።

እሱን ግን በደንብ አየሁት። ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስሄድ በምሥራቅ በኩል፣ ማታ ስመለስ በምዕራብ በኩል እያለፍሁ ቤቱን አጠናሁት። ምስጥ የነካው ምሰሶ የትኛው ነው? ምስማሩ ዝጓል? ውኃው ወዴት ይፈስሳል? በአጥሩ ቀዳዳ ያየሁትንና የሰማሁትን እየገጣጠምሁ ስለ ሰዎቹም የራሴን ታሪክ ሠራሁ። ገመድ ላይ የተሰጣ በጣም ሰፊ ቀሚስ አየሁ፤ ወፍራም ሴት አለች አልሁ። ሙቀጫው ሲወቀጥ ይውላል፤ ብዙ በሊታ አለ አልሁ። አንድ ቀን ደግሞ ገብስ ሲታመስ ሸተተኝ። ቆላ ላይ ገብስ! እዚያ አገር የሚበላው ማሽላ ነው፤ ገብስ ከደጋ ተጭኖ፣ ተለምኖ ነው የሚመጣ። «እነዚህ ሰዎች ጥጋበኞች ናቸው፤ ቤታቸው እየተሸጠ ገብስ ያማርጣሉ» ብዬ ታዘብሁ። ሰፊ ቀሚስ፣ የማያርፍ ሙቀጫ፣ የገብስ ሽታ። ስንት አራስ ቤት የገባሁ ሴት፣ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጌ ማሰብ ተሳነኝ። ዓይኔ ምሰሶው ላይ፣ ልቤ ምስጡ ላይ ነበር።

ሐራጁ በሚያዝያ፣ አሞራው እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ሙቀት ላይ ዋለ። ከኔ ሌላ የቀረበ አንድ የኬላ ዘበኛ ነበር፤ እሱም ባልቴቷ ገና አልወጡም ሲባል ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ። «የሚጨምር አለ?» ተባለ፤ ጨማሪ ጠፋ። ቤቱ የኔ ሆነ ተብሎ ተጨበጨበልኝ። «ቁልፉስ?» አልሁ። «ቁልፉማ ከሰዎቹ ጋር ነው፤ ማስወጣት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀን ይቆረጣል» አሉኝ። ቀን ተቆረጠ፤ በስብሰባ ምክንያት ተላለፈ። እንደገና ተቆረጠ፤ እንደገና ስብሰባ ሆነ። እንዲህ ሲል ግንቦት ገባ።

በተቆረጠው ቀን አራት ሆነን ሄድን። ከፍርድ ቤት የተላከው ሰው ወረቀቱን ይዞ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ኮፍያውን አድርጎ፣ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ አንግቶ፣ እኔ ደግሞ ከኋላቸው አህያ እየነዳሁ። አህያዋ ላይ አንገረብ ተጭናለች፤ በጠፍር የተጠለፈች የሱዳን አልጋ ናት፤ ከላይዋ ድስትና ሰፌድ ተቆልሏል። እንደ ሙሽራ አጃቢ ነበርን፤ የጎደለን ዘፈን ብቻ ነው።

ሊቀ መንበሩ በሩን ሳያንኳኳ ባልቴቷ ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሰማያዊ የሱዳን ቶብ በትከሻቸው ጣል ያደረጉ ሴት ናቸው። ወፍራሟ ሴት እሳቸው እንዳልሆኑ ወዲያው ገባኝ።

«ጓዲት፣» አለ ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በሕግ መሠረት ይኸ ቤት ከዛሬ ጀምሮ...»

«የእናትህ ባልንጀራ ነኝ፤ ያንተ ጓድ አይደለሁም። ድምፅህን ቀንስ። ምጥ ላይ ናት።»

«ማን?»

«እኔ እመስልሃለሁ? ምራቴ ናት።»

ያን ጊዜ ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ተሰማ። «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፣ እየተቀባበሉ። ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አጥሩ ላይ አስደገፈው። ሊቀ መንበሩ ኮፍያውን አወለቀ። ከፍርድ ቤት የመጣው ሰው ብቻ ወረቀቱን እንደ ዘረጋ ቀረ።

«ሕጉ ስለ ምጥ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀው ሊቀ መንበሩ በሹክሹክታ።

«ስለ ምጥ አልተጻፈበትም።»

ሦስቱም ወንዶች ወደ ኋላ አፈገፈጉና ከአጥሩ ማዶ ጥላ ፈልገው ቁጢጥ አሉ። እኔ ከአህያዬ ጋር መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ። እዚያ ቆሜ ያሰብሁትን አልደብቅም፤ ሰፊውን ቀሚስ፣ ሙቀጫውን፣ ገብሱን እያስታወስሁ ጭንቅላቴን በጥፊ መምታት አማረኝ።

ብዙም ሳይቆይ እልልታው መጣ። በኛ አገር ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ሁላችንም ጆሯችንን አቆምን። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ጠበቅን፤ ቀረ።

«ሴት ናት» አለ ጠባቂው።

«ሰማንያ ቀን» አለ ከፍርድ ቤት የመጣው ሰው፣ ወረቀቱን እያጠፈ።

ሊቀ መንበሩ ወደኔ ዞሮ «ወንድ ቢሆን አርባ ነበር» አለኝ፤ ልጂቱን ሴት ያደረግኋት እኔ ይመስል።

ነገሩን ለማያውቅ ልናገር። አራስ ከወለደችበት ቤት አትነሣም። ወንድ ከሆነ እስከ አርባ፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ ከተኙበት አይነቀሉም። ይኸ በየትኛውም አዋጅ የለም። አዋጁን የሚያነቡት ሰዎች ግን ሁሉም አራስ ቤት ነው የተወለዱት። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ ይኸን ሁሉ ኋላ ቀርነት እያለ የሚያወግዝ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን አቧራውን ከሱሪው አራግፎ «እኔ እንኳ በዚህ አላምንም፤ ባለቤቴ ናት የምታምን» ብሎ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከግንቦት ሰማንያ ቀን ቢቆጠር የሐምሌ መጨረሻ ነው፤ ዝናቡና ጭቃው መሀል። የዚያን ጊዜ እንኳን አራስ፣ ዶሮም ከመተማ አይወጣም።

ልመለስ አህያዬን ሳዞር ባልቴቷ ተጣሩ።

«አንችስ? ሴት አይደለሽም? ግቢ እንጂ።»

«እኔ እኮ... ገዥዋ ነኝ እማማ።»

«ዓይን አለኝ። አህያሽ አልጋ ተሸክማ ቆማለች። እሰሪያትና ግቢ፤ አራስ ቤት ደጃፍ ደርሶ የሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ነው?»

ገባሁ። ገባሁ ስል ወደ ውስጥ አይደለም፤ ደፉ ላይ አስቀመጡኝ። ከፀሐይ የመጣ ሰው በቀጥታ አራስ ፊት አይቀርብም፤ ፀሐዩ ይውረድለት ይባላል። እዚያ ቁጭ ብዬ በገዛ ቤቴ ደፍ ላይ ፀሐዩ እስኪወርድልኝ ጠበቅሁ። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠልኝ።

ወይ ጉድ። ያ ብዙ በሊታ አለበት ያልሁት ቤት ሁለት ሰው ነበር የሚኖርበት፤ አሁን ሦስት ሆኑ። ግድግዳው በአመድና በነጭ አፈር ተለቅልቆ ቀዝቀዝ ይላል። ከውጭ ሳየው የነበረው ምሰሶ ከውስጥ በኩል የልጅ ቁመት የተለካበት ጭረት አለው፤ ከታች እስከ ላይ። ለካ እኔ ምስጥ የፈለግሁበት ምሰሶ የአንድ ልጅ ማደግ የተጻፈበት ኖሯል። አራሷ ከሃያ የማትበልጥ ልጅ ናት። ላብ በላብ ሆና ተጋድማለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኋት።

«አሜን እትዬ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እኔ ነገ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ገንፎው መጣ፤ መሀሉ ጎድጉዶ፣ ቅቤና በርበሬ ሞልቶ። አንድ ጊዜ ስጎርስ ያ በአጥር ላይ የሸተተኝ ገብስ አፌ ውስጥ ገባ። እያላመጥሁ ዓይኔ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ማእዘኑ፣ ወደ ምሰሶው ሲሄድ ባልቴቷ አዩኝ።

«ብዪ ልጄ፣ ብዪ። ምሰሶው አይሄድብሽም።»

እንግዲህ በሐራጅ የገዛሁትን ቤት መጀመሪያ ያየሁት አራስ ጠያቂ ሆኜ ነው። ያን ቀን አህያዬ እንደ ተጫነች ተመለሰች።

ቀበሌው ግን አራስ አላጋጠመውም፤ ሰኔ ሲገባ ከክፍሌ አወጣኝ። ዕቃዬን ራኩባው ሥር ከምሬ ሸራ አለበስሁት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጎን መጣና ሸራውን ገለበጠው። በማግሥቱ ባልቴቷ ራሳቸው፣ ቶባቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ።

«የፊቱ ክፍል ባዶ ነው» አሉኝ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «ቤት ያላት ሴት በራኩባ አታድርም።»

«በገዛ ቤቴ ሊያስጠጉኝ ነው እማማ?»

«ገዛሽው እንጂ መች ገባሽበት? ነይ፣ አልጋሽን ያዥ፤ አህያ በዚህ ጭቃ አትረግጥም።»

አንገረቧን አንድ ጫፍ እሳቸው፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን ሄድን። ሰው በመስኮት ሲያየን አልረሳውም። ገዥና ተሸጦባት የምትወጣ ሴት አንድ አልጋ ተሸክመው።

ከፊት ክፍል እኔ፣ ከኋላ ክፍል እነሱ፣ በመሀላችን አሮጌ ቶብ ተጋርዶ ክረምቱን ተያያዝነው። ጭቃው ሲያግደን ከርከዴ አፍልተን እየጠጣን እናወራለን። የጨርቁ መጋረጃ ደግ ነገር ነው፤ ሰው ፊቱን ሳያሳይ ይናገራል። አራሷ ባሏ አብደራፊ ካለው የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ መሆኑን፣ መንገዱ እስኪደርቅ መምጣት እንደማይችል፣ የልጁን መወለድ በሰው አፍ ብቻ እንደ ሰማ ነገረችኝ። የአባቱን ቤት ትራክተር በላው፤ ልጁም ዞሮ ትራክተር ላይ ተቀመጠ።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ባልቴቷ ነበሩ። ይጠሉኛል? ይታዘቡኛል? ዝናብ ሲያባራ ዶማ ይዘው በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይከፍታሉ፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግድግዳውን እንዳይገፋው። በሌላ ሰው ቤት ይኸን ያህል የሚለፋ አለ? አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልሁ። «ቤቴ» ብለው አያውቁም፤ «ቤትሽ» ብለውም አያውቁም። «ቤቱ» ነው የሚሉ። «ቤቱ በሰሜን በኩል ያፈሳል።» «ቤቱ አቧራ አይወድም።» ቤቱ እንደ አንድ ሽማግሌ አብሮን የሚኖር ይመስል ነበር። በቃላቸው ልያዛቸው ብዬ አንድ ቀን «የማን ቤት?» አልኋቸው። «የሚያፈሰው» አሉኝና ዶማቸውን አንሥተው ወጡ።

አራስ ብቻዋን አትተውም። ባልቴቷ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ጠባቂዋ እኔ ሆንሁ። «ቢላዋው ከትራሷ ሥር ነው፤ ለደቂቃ እንኳ ጥለሻት እንዳትወጭ» ብለውኝ ይሄዳሉ። ከእንዲያ ያለው ቀን በአንዱ አራሷ ሕፃኗን እያጠባች፣

«እትዬ፣ አንችን እኮ ሳትገዥ በፊት እናውቅሻለን» አለችኝ።

«ከየት?»

«ከአጥሩ ነዋ። ጠዋትና ማታ ስትዞሪ አማቴ በቀዳዳው ያዩሽ ነበር። 'ዟሪዋ መጣች' እያሉ ይጠሩኝና ተራ በተራ እናይሻለን።»

እኔ በዚህ በኩል፣ እነሱ በዚያ በኩል። «ምን ይሉ ነበር?» አልኋት፤ ምን ይደረግ፣ ጆሮዬ አያርፍም።

«'ይችን ሴት እያት፤ ምሰሶ የምታይ ናት፣ በር የምትሰብር አይደለችም። ከመጣ አይቀር እሷ ትምጣ' ይሉ ነበር።»

ይኸን ሰምቼ ስንት ቀን አሰብሁበት።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ባልቴቷ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ ሕፃኗን ከእቅፋቸው ወደ እቅፌ አዛወሩና «ክርስትና እናት ሁኛት» አሉኝ።

ክርስትና ያነሣ ሰው ከልጁ ወላጆች ጋር አበልጅ ይሆናል፤ አበልጅ ከሥጋ ዘመድ አያንስም፣ አንዳንዱ እንደሚለው ይበልጣል። ከአበልጅ ጋር አይካሰሱም። አበልጅን ከቤት ማስወጣትማ በመተማ ተሰምቶ አይታወቅም። እሺ ካልሁ ያ ወረቀት የትራስ ጨርቅ ሆነ ማለት ነው። የራሴ በር ያልሁት ነገር ለዘላለም የሁለት ቤተሰብ በር ሊሆን ነው። እንቢ ብልስ? እቅፌ ውስጥ ያለችው ልጅ ጣቴን ይዛለች።

ከአጥሩ ማዶ ጠላ የምትሸጥ ጎረቤታችን ሰምታ በሳቅ ሞተች። «ያዘችሽ በይ! ደርግ ያላወጣትን ሴት አንች ልታወጭ ነበር? በይ እንግዲህ አበልጅሽን በጠባቂ አስወጫት።» ሊቀ መንበሩም ደስ አለው። «ቅራኔው በሰላም ተፈታ» አለኝ።

ለሁለት ቀን ተብሰልስዬ ባልቴቷን በግልጽ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ይኸን የጠየቁኝ ለልጂቱ ብለው ነው ወይስ ለቤቱ?»

እሳቸውም ሳያፍሩ፣ ሳይቆጡም፣ «ሁለቱም አንድ ጣሪያ ሥር አይደሉም?» አሉኝ።

መልሱ ሙሉ አልነበረም፤ ግን ውሸት አልነበረበትም። እሺ አልሁ።

በክርስትናው ቀን ሰማዩ አላዘነልንም። ሕፃኗን በደረቴ አቅፌ፣ በላይዋ የራሴን ሸራ ደርቤ፣ ጫማዬን ጭቃው እየወሰደብኝ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ከውኃው ስትወጣ ተቀበልኋት፤ ማተብ አሰርሁላት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው። ስንመለስ ባልቴቷ በሩ ላይ ቆመው «አንች ቅደሚ፤ ልጅ የያዘች ትቀድማለች» አሉኝ። ቤቱ ውስጥ ቀድሜ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የሊቀ መንበሩ ሚስት ቅቤ ይዛ መጣች። ሊቀ መንበሩ ራሱ «በሥራ ሳልፍ ነው» ብሎ አጥሩ ላይ ቆመ፤ ቆሞም ሁለት ሳህን በላ።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አርፎ ነበር። የራሴን በር ነገር ትቼው፣ የኋላው ክፍል የነሱ፣ የፊቱ የኔ፣ ምግቤን ከፊት ለፊት ብሸጥ ይበቃኛል ብዬ ወሰንሁ። ጭቃው ደረቀ፤ ሰሊጡ ቢጫ ሆነ፤ የቀን ሠራተኛው ከደጋ ይወርድ ጀመር። በጥቅምት አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ደጃፋችን ቆመ። ከላዩ የወረደው ፀጉሩ አቧራ የለበሰ ወጣት የልጂቱ አባት ነው። እኔ ለእንግዳው ውኃ ልሰጥ ስሯሯጥ ባልቴቷ ከኋላ ክፍል የታሰረ ጓዝ እያወጡ መደርደር ጀመሩ። ጓዙ ዛሬ የታሰረ አይመስልም፤ ገመዱ አቧራ ይዟል።

«ወዴት ነው እማማ?»

«አብደራፊ። ለልጄ ከእርሻው ክፍል ተሰጥቶታል።»

«መች ተሰጠው?»

«በሚያዝያ።»

ማሰሮውን አስቀመጥሁት። በሚያዝያ ማለት ሐራጁ በዋለበት ወር ነው። ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ የኔ መብሰልሰል፤ የሚሄዱበት ቤት ነበራቸው።

«ታዲያ ለምን...»

«አንደኛ ምራቴ በዚያ ሆድ በጭነት መኪና አትንገላታም ነበር» አሉ ጓዙን እያጠበቁ። «ሁለተኛ፣ በሚያዝያ ብወጣ ተባርሬ ነው የምወጣ። ሐራጅ ያስወጣት እየተባልሁ እቀር ነበር። የልጄ ቁመት የተለካበትን ምሰሶ ሁለተኛ አላየውም ነበር። አሁን ግን ከአበልጄ ቤት ነው የምሄደው። ከአበልጅ ቤት ሰው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ማን ምን ይለኛል?»

እኔ ቤቱን ሊይዙብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቸው ሲፈልጉ የነበረው መውጫ ኖሯል፤ አንገት ሳይደፉ የሚወጡበት፣ ተመልሰውም የሚገቡበት መውጫ። ያን መውጫ ከየትኛውም ፍርድ ቤት አያገኙትም፤ ከኔ ብቻ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩኝ ይኸን ሁሉ አስበውት ነበር ወይስ እየቆየ መጣላቸው? ዛሬም አላውቅም። ብጠይቃቸውም እንደ ልማዳቸው ግማሹን ነው የሚመልሱልኝ።

መኪናው ሲሄድ ግቢ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ያን ያህል የተመኘሁትን በር ዘጋሁት፤ ከውስጥ ሆኜ መቀርቀሪያውን ሞከርሁት፣ በደንብ ይይዛል። ጥቂት ቆሜ መልሼ ከፈትሁትና ምሳ ልሠራ ሄድሁ።

ባልቴቷ ቃላቸውን አላጠፉም። አጨዳ አልቆ መኪና ባዶውን በሚመላለስበት ጊዜ፣ አንዳንዴ በዓመት፣ አንዳንዴ በሁለት ዓመት፣ ልጂቱን ይዘው ይመጣሉ። ልጂቱ ሳታንኳኳ ገብታ ምሰሶው ሥር ትቆማለች፤ እኔ ከአባቷ ጭረት ጎን ጭረቷን አወጣላታለሁ። ባልቴቷ ግን አይቸኩሉም፤ ደፉ ላይ ይቀመጣሉ። «ፀሐዩ ይውረድልዎ» እላለሁ፤ «አሜን» ይላሉ። መጀመሪያ በመጡ ጊዜ እዚያው ተቀምጠው ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ።

«ቤቱ በሰሜን በኩል አሁንም ያፈሳል?»

«ያፈሳል እማማ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ቤትሽ አይደለም?»